ፒክአፕ ስትመርጡ መጀመሪያ በሩን ክፈቱ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

እንደምን ሰነበታችሁ? ተጎታች ቤት፣ ብዙዎቻችን ካራቫን የምንለውን፣ ለመጎተት የሚሆኑ ፒክአፖችን ያወዳደራችሁበትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። በደንብ ለፍታችሁበታል። ሠንጠረዡ ላይ ስደርስ ግን ቅር አለኝ። የፈረስ ጉልበት አለ። የመጎተት አቅም አለ። የነዳጅ ፍጆታ አለ። የስክሪኑ ስፋት ሳይቀር አለ። የመሸከም አቅም፣ ማለትም መኪናው ራሱ ላይ የሚችለው የሰውና የዕቃ ክብደት፣ ግን የለም። እኔንና ቤተሰቤን ለአደጋ የዳረገን ያ የጎደለው ቁጥር ነው። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የመጀመሪያውን ፒክአፕ ስገዛ የነበረኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። «ስንት ይጎትታል?» ሻጩም መልሱን አፉ ላይ ይዞት ነበር። «4,900 ኪሎ።» የእኛ ተጎታች በብሮሹሩ ላይ 2,450 ኪሎ ነው የሚለው። ልክ ግማሹ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ ብዬ ፈረምኩና ቁልፉን ተቀበልኩ።

ለመጀመሪያው ጉዞ ተጎታቹን ስናያይዘው የፒክአፑ ኋላ ዝቅ አለ። ፊቱ ወደ ላይ ቀና አለ። ሲመሽ ከፊት የሚመጡት ሾፌሮች ሁሉ መብራት ያበሩብኝ ጀመር። ረጅሙን ያበራሁ መስሏቸው ነው። እኔ ግን አጭሩን ነበር ያበራሁት፤ መኪናው ወደ ሰማይ ስላየ ነው። መሪው ደግሞ ከወትሮው ቀለለኝ። የፊት ጎማዎቹ መንገዱን በደንብ አልያዙትም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መፍትሔ ያልኩትን አደረግኩ። ዕቃውን ወደ ኋላ አዛወርኩ። የልጆቹን ብስክሌቶች የተጎታቹ የኋላ መከላከያ ላይ አሰርኩ። የታሸገ ምግብ የያዙትን ሳጥኖች ከፊት ቁም ሳጥን አውጥቼ ከኋላ አልጋ ሥር ከተትኩ። የተጎታቹ የውሃ ታንከር ከጎማዎቹ ኋላ ነው ያለው፤ እሱንም እስከ አፉ ሞላሁት። ፒክአፑ ቀና አለ። ከጎን ቆሜ ሳየው እንደ አዲስ ቀጥ ብሏል። ችግሩን የፈታሁ መሰለኝ፤ ደስ ብሎኝ ጉዞ ጀመርን።

ረጅም ቁልቁለት ላይ ነበርን። በሰዓት 95 ኪሎሜትር ገደማ እየነዳሁ ነው። አንድ አውቶቡስ ከኋላ መጥቶ በጎናችን አለፈ። የገፋው ነፋስ መጀመሪያ ተጎታቹን ወደ ውጭ ገፋው፤ ሲያልፈን ደግሞ ወደ ራሱ ሳበው። በስፖኪዮ አየሁት። የተጎታቹ የኋላ ጥግ ከመስመሩ ወጣ። ተመለሰ። በሌላው በኩል ወጣ። በሦስተኛው ላይ የፒክአፑን ኋላ ይዞ ያወዛውዘው ጀመር። መሪውን እያዞርኩ ላስተካክል ስሞክር ባሰበት።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ዕድሜያቸውን በሙሉ ከባድ መኪና ከነተሳቢው የነዱ ሰው ናቸው። ከመነሳታችን በፊት እንዲህ ብለውኝ ነበር። «ከተወዛወዘብህ የመኪናህን ፍሬን እንዳትረግጥ። እግርህን ከነዳጅ መስጫው ላይ አንሳ። መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ። የተጎታቹን ፍሬን ብቻ በእጅህ ያዝለት።» በዚያች ሰዓት ድምፃቸው ጆሮዬ ላይ መጣ። ከዳሽቦርዱ ሥር ያለችውን የተጎታች ፍሬን መቆጣጠሪያ በጣቴ ፈለግኳት። ጨመቅኳት። ከኋላ የሆነ ነገር ይዞ ሲያስቀረን ተሰማኝ፤ ገመድ ሲወጠር እንደሚሆነው ተጎታቹ ቀጥ አለ።

ዳር ይዤ አቆምኩ። ስወርድ ጉልበቴ ከዳኝ። ልጆቹ ከኋላ ወንበር ላይ ድምፅ የላቸውም። አማቴ የትንሿን ልጄን እጅ ጥርቅም አድርገው እንደያዙ ነበሩ። ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝና «ምንድን ነው የሆነው?» አለች። ምን እንደሆነ አላወቅኩም ነበር። ዛሬ አውቃለሁ፤ የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው።

እንደእኛ ያለ በኳስ መንጠቆ የሚጎተት ተጎታች ቤት ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው መንጠቆው ላይ ማረፍ አለበት። ያ ክብደት ሲቀንስ ተጎታቹ ኋላው ይከብድና እንደ ፔንዱለም ይሆናል። ነፋስ ወይም አንድ ጉድጓድ ከነካው መወዛወዝ ይጀምራል። እኔ ዕቃውን ወደ ኋላ ሳዛውር ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ፒክአፑ መሸከም ያቃተውን ክብደት ከላዩ አነሳሁለት። ተጎታቹን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ግን ያው ክብደት ነበር። የመሸከም አቅሙ ያነሰ መኪና የገዛ ሰው እዚህ ወጥመድ ውስጥ ይገባል። ጭነቱን ከፊት ቢያደርገው መኪናው አይችልም፤ ወደ ኋላ ቢያደርገው ተጎታቹ ያብዳል።

በሚቀጥለው ሳምንት ዕቃውን ሁሉ ወደ ቦታው መለስኩና የጭነት መኪና ሚዛን ላይ ወጣን። ቤተሰቡ በሙሉ ተሳፍሮ፣ ነዳጁ ሞልቶ፣ ልክ ለጉዞ እንደተነሳን ሆነን ነው። መጀመሪያ ፒክአፑን ብቻውን አስመዘንኩ፤ 2,863 ኪሎ። ከዚያ ተጎታቹን አያይዤ የፒክአፑን ጎማዎች ብቻ ሚዛኑ ላይ አወጣሁ፤ 3,261። ልዩነቱ 398 ኪሎ ነው። መንጠቆው ላይ የሚያርፈው ክብደት ማለት ይህ ነው። የተጎታቹ ጎማዎች ላይ ያረፈው ደግሞ 2,662 ኪሎ ሆነ። ሁለቱን ስትደምሩት ተጎታቹ በጠቅላላው 3,060 ኪሎ ነው። ብሮሹሩ 2,450 ነበር ያለው። ብሮሹሩ የሚለው የባዶውን ነው። ውሃ፣ ጋዝ፣ ባትሪ፣ አልጋ ልብስ፣ ድስት፣ ምግብ፣ የልጆች ጫማ የለበትም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ታንከሩን ስንሞላ ግን ማን ያስታውሰዋል?

ከሚዛኑ እንደወረድን የሾፌሩን በር ከፈትኩ። የበሩ ማዕቀፍ ላይ የጎማና የጭነት መረጃ ያለባት ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች። ስንት ጊዜ ከፍቼ ዘግቼዋለሁ! አንድም ቀን አላነበብኳትም። የሰውና የዕቃው ድምር ክብደት ከ655 ኪሎ እንዳይበልጥ ትላለች። ይህ ቁጥር ለዚያ ሞዴል በጅምላ የተሰጠ አይደለም። ለዚያች መኪና፣ ከፋብሪካ ስትወጣ ከተገጠመላት ዕቃ ጋር ታስቦ የተጻፈ ነው። እዚያው ቆሜ ደመርኩ። እኔ 84 ኪሎ። ባለቤቴ 66። አማቴ 62። ልጆቹ 41 እና 33። የመጎተቻው ብረትና ክብደት አከፋፋዩ፣ ማለትም የመንጠቆውን ጫና ወደ ሌሎቹ ጎማዎች የሚያካፍለው ዕቃ፣ 42። ከኋላ ስፖንዳው ውስጥ ያለው መሣሪያና ጄኔሬተር 90። መንጠቆው ላይ ያረፈው 398፤ እሱም እንደ ዕቃ ይቆጠራል። ድምሩ 816 ነው። በ161 ኪሎ አልፈናል።

የኋላው አክስል ብቻውን 1,931 ኪሎ ተሸክሞ ነበር፤ ጣሪያው 1,840 ነው። የፊቱ ደግሞ ተጎታቹ ሲያያዝ 150 ኪሎ ቀለለ። መሪው ለምን እንደቀለለኝ ያኔ ገባኝ። መንጠቆው ከኋላ ጎማ ኋላ ስለሆነ፣ ሲጫነው ፊቱን እንደ ማንሻ ብረት ያነሳዋል። ክብደት አከፋፋዩ ሲወጠር ከዚህ የተወሰነውን ወደ ፊት ጎማና ወደ ተጎታቹ ጎማዎች ይመልሳል። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ከባድ ተጎታች ያለው ሁሉ ቢይዘው እመክራለሁ። በሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ግን አያሳድገውም።

አሁን ያንን 4,900 እንየው። ሻጩ አልዋሸም። የመጎተት አቅም የሚለካበት፣ ኤስኤኢ የተባለው የተሽከርካሪ መሐንዲሶች ማኅበር ያወጣው፣ ጄ2807 የሚባል መመዘኛ አለ። ቶዮታ በ2011 ሞዴል ቱንድራው ቀድሞ ተቀበለው፤ ሌሎቹ የአሜሪካ ገበያ ፒክአፕ አምራቾችም ተከተሉ። ፈተናው ቀላል አይደለም። አሪዞና ውስጥ ዴቪስ ዳም የሚባል 18 ኪሎሜትር ያህል የሚረዝም ዳገት አለ። በ38 ዲግሪ ሙቀት፣ ኤሲው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ እንደእኔ ያለ ፒክአፕ ፍጥነቱ ከ64 ኪሎሜትር በሰዓት ሳይወርድ ያንን ዳገት መጨረስ አለበት። ይህ መመዘኛ መምጣቱ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ መንገድ ለክቶ የወደደውን ቁጥር ይጽፍ ነበር።

ነገር ግን መመዘኛው መኪናው ውስጥ የሚያስቀምጠው ሾፌርና አንድ ተሳፋሪ ብቻ ነው፤ እያንዳንዳቸው 68 ኪሎ። መንጠቆው ላይ የሚያሳርፈውም 10 በመቶውን ነው። በእኔ መኪና እናስላው። የ4,900 አሥር በመቶ 490 ነው። ሁለቱ ሰዎች 136። ድምሩ 626። ከ655 የሚተርፈው 29 ኪሎ ነው። ትንሿ ልጄ ብቻ 33 ኪሎ ናት። እሷን ወንበር ላይ እንዳስቀመጥኳት 4,900 የሚባለው ቁጥር አለቀለት።

ይህ በትላልቆቹ ፒክአፖች ብቻ አይደለም። በብዙ የዓለም ክፍል የሚሸጡት መካከለኞቹ፣ እንደ ቶዮታ ሃይሉክስ፣ ፎርድ ሬንጀርና ኢሱዙ ዲማክስ ያሉት፣ እስከ 3,500 ኪሎ ይጎትታሉ ተብሎ ይጻፍላቸዋል። የዚያ አሥር በመቶ 350 ኪሎ ነው። ያ 350 የሚቀነሰው ሰዎችና ዕቃ ከሚጋሩት ከዚያው የመሸከም አቅም ላይ ነው። ከዚህም ሌላ ፒክአፑና ተጎታቹ አንድ ላይ እንዳያልፉት የተቀመጠ የድምር ጣሪያ አለ። ስፖንዳውን ሞልታችሁ 3,500 መጎተት የማትችሉበት ጊዜ ብዙ ነው። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ ማስታወቂያው ላይ የለም።

የመጀመሪያውን ፒክአፕ ሸጥኩት። ሁለተኛውን ልገዛ ስሄድ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ነው። ቀለሙን ሳላይ በር እየከፈትኩ ቁጥር እጽፋለሁ። አንድ ሻጭ ግራ ገብቶት «ጋሼ፣ ሞተሩን አያዩም እንዴ?» አለኝ። በኋላ አየዋለሁ አልኩት። ያየሁት ነገር አስገረመኝ። አንድ ዓይነት ሞዴል፣ አንድ ዓይነት ሻንሲ፣ ጎን ለጎን ቆመው በመሸከም አቅም ከ300 ኪሎ በላይ ይለያያሉ። የጣሪያው መስታወት፣ የቆዳው ወንበር፣ በኤሌክትሪክ የሚወርደው መርገጫ፣ ትልልቁ ቸርኬ፣ ባለአራት ጎማ መንጃው ሁሉ ክብደት ነው፤ ሁሉም የሚቀነሰው ከዚያችው ቁጥር ላይ ነው። በጣም የተንቆጠቆጠው መኪና ብዙውን ጊዜ ትንሹን የሚሸከም ሆኖ አገኘሁት።

ናፍጣም እንደዚሁ ነው። የናፍጣ ሞተር ከባድ ነው። በዚያው ሞዴል ላይ የቤንዚኑ 1,350 ኪሎ ሲሸከም የናፍጣው 1,010 ነበር። እኔ ቤንዚኑን መረጥኩ። ቤተሰቤ ትልቅ ነው፤ የመሸከም አቅሙን ለሞተር መስጠት አልፈለግኩም። ተራራ ለተራራ የሚጓዝ ሰው ግን ናፍጣውን ቢመርጥ አልፈርድበትም። ቱርቦ የሌለው ቤንዚን ሞተር ከፍታ ሲጨምር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። በ3,000 ሜትር ላይ ሲሦው ገደማ ሄደ ማለት ነው። ቱርቦ ያለው ይህን ያህል አይጎዳም። ቁልቁለት ላይ ደግሞ የናፍጣው የጭስ ማውጫ ፍሬን ትልቅ ረዳት ነው። የባለቤቴ ወንድም እንደሚሉት «ጎትቶ መውጣትማ ማንም ይወጣል፤ ይዞ መውረዱ ነው ጉዱ።» በእሳቸው አስተያየት ሰው ፒክአፕ ሲገዛ ስለ ዳገት ይጠይቃል እንጂ ስለ ቁልቁለት የሚጠይቅ የለም። ልክ ናቸው። በቁልቁለት ማርሽ ቀንሶ በሞተር መያዝ፣ ፍሬንን እያረፉ መርገጥ፣ ፍሬኑ ከጋለ ቆሞ ማብረድ። አሁን አውቶማቲክ ካምቢዮ ስላለን ይህን የረሳን ብዙዎች ነን። የመጎተቻ ሞድ የምትለዋ ቁልፍ የተሠራችው ለዚህ ነው፤ ካምቢዮው ማርሹን ዝቅ አድርጎ እንዲይዝ ታደርገዋለች።

አዲሱ ፒክአፕ ባዶውን ሲሄድ ያንገጫግጫል። ባሌስትራው ደንዳና ነው። ጎማዎቹ ለጭነት የተሠሩ፣ ጎናቸው የማይተጣጠፍ ናቸው። ከተማ ውስጥ ባለቤቴ አትወደውም። ተጎታቹ ሲያያዝ ግን መኪናው ረጋ ይላል። ርዝመቱም ይረዳል፤ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ሲረዝም ተጎታቹ መኪናውን ከኋላ ይዞ ለማወዛወዝ ይከብደዋል።

ስለ ነዳጅ የጻፋችሁት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አንባቢ ክብደቱ ብቻ ነዳጅ የሚበላ ሊመስለው ይችላል። በሜዳ መንገድ ላይ ዋናው ጠላት ነፋስ ነው። ተጎታቹ ከፊት ሲታይ ግድግዳ ነው፤ ወደ ሁለት ሜትር ተኩል ይሰፋል፣ ከሦስት ሜትር በላይም ይቆማል። የአየር ግፊቱ የሚጨምረው በፍጥነቱ ካሬ ነው። ከ90 ወደ 110 ስትገቡ ግፊቱ በግማሽ ያህል ያድጋል። የእኔ መኪና ተጎታች ሲይዝ የሚጠጣው ነዳጅ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ፒክአፖችም ከዚህ አያመልጡም፤ ትልቅ ተጎታች ሲይዙ በአንድ ቻርጅ የሚሄዱት ርቀት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ብዙ የቻርጅ ቦታዎች ደግሞ ለአጭር መኪና የተሠሩ ስለሆኑ ተጎታቹን ፈትቶ መግባት ይጠይቃል። ጉልበታቸው ግን ግሩም ነው፤ ከቤቱ ብዙ ለማይርቅ ሰው መጥፎ ምርጫ አይመስለኝም።

ስለ ተጎታች ፍሬን በጽሑፋችሁ አንድ መስመር ብቻ ነው ያየሁት። እባካችሁ ይህን በሰፊው ጻፉበት። ያን ዕለት ያተረፈን የተጎታቹ ፍሬን ነው። ተጎታቹ የራሱ ፍሬን ሳይኖረው፣ ወይም መቆጣጠሪያው በትክክል ሳይስተካከል፣ የትኛውም ፒክአፕ አይበቃም። ሁለቱ ሰንሰለቶች ከመንጠቆው ሥር ተጠላልፈው መታሰር አለባቸው፤ ተጎታቹ ቢላቀቅ ዘንጉ መሬት ሳይነካ እዚያ ላይ ያርፋል። ተጎታቹ ሲያመልጥ ተስባ ፍሬኑን የምታሲዝ ቀጭን ገመድም አለች። እሷን ከሰንሰለቱ ጋር ሳይሆን ለብቻዋ ፒክአፑ ላይ እሰሯት። በየማረፊያው ሳልፍ ዝም ብላ የተንጠለጠለች ገመድ አያለሁ። ሰውየውን ጠርቼ አሳየዋለሁ። እስካሁን የተቆጣኝ የለም።

ባለፈው ወር በአዲሱ ፒክአፕ እንደገና ሚዛን ላይ ወጣን። ሁላችንም ነበርን፤ ልጆቹ አድገዋል፣ ታላቁ 52 ኪሎ ሆኗል። ዕቃው በቦታው ነው፤ የውሃ ታንከሩን ሞልቼ አልጓዝም፣ ስንደርስ ነው የምሞላው። መንጠቆው ላይ 402 ኪሎ አረፈ። ሁሉም ተደምሮ በሩ ላይ ከተጻፈው ገና ከ400 ኪሎ በላይ ይተርፈናል። በዚያው ቁልቁለት ወረድን። በሰዓት 80 ኪሎሜትር ነበር የምነዳው። አውቶቡስም አለፈን። ተጎታቹ ትንሽ ነቅነቅ አለና ተወው። አማቴ ተኝተው ነበር።

ጥያቄዬ አንድ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ስታወጡ የመሸከም አቅም የሚል ዓምድ ጨምሩበት። ቁጥሩን ከብሮሹር አትውሰዱት፤ የሞከራችሁትን መኪና በር ከፍታችሁ ከወረቀቷ ላይ ገልብጡት። ቦታ ካነሳችሁ የስክሪኑን ስፋት አውጡት። የሁለቱም ጊዜ የሚዛን ወረቀቶች እኔ ዘንድ አሉ። ለአንባቢ ይጠቅማል ካላችሁ ፎቶ አንስቼ እልክላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ